የቪዲዮ ጨዋታ ቅጂ

የቪዲዮ ጨዋታ ቅጂ አንድ ተጫዋች ገዝቶ በኮንሶል ወይም በኮምፒውተር የሚጫወተው የጨዋታ ግልባጭ ነው። ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። አንደኛው በእጅ የሚያዝ ቅጂ ሲሆን፣ ጨዋታው በዲስክ ወይም በካርትሪጅ (በተለምዶ «ካሴት» በሚባለው) ተቀርጾ ይሸጣል። ሁለተኛው ዲጂታል ቅጂ ሲሆን፣ ከኢንተርኔት መደብር ተገዝቶ በቀጥታ ወደ መሣሪያው ይወርዳል። በሁለቱም የሚገኘው ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። የሚለያዩት ለገዢው በሚሰጡት መብት ነው፦ ዲስክ የገዛ ሰው ዕቃ አለው፤ ዲጂታል ቅጂ የገዛ ሰው ግን በአካውንቱ ላይ የተመዘገበ የመጠቀም ፈቃድ አለው። ይሁን እንጂ በአሁኑ ጊዜ ብዙ ዲስኮች ያለ ኢንተርኔት ሙሉ ስለማይሆኑ ይህ ልዩነት እየጠበበ መጥቷል።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው አታሪ 2600 እና በ1983 በጃፓን የወጣው የኒንቴንዶ ፋሚኮም በካርትሪጅ ይሠሩ ነበር። ካርትሪጅ በውስጡ የማስታወሻ ቺፕ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ሶኒ በ1994 በጃፓን ለገበያ ያቀረበው ፕሌይስቴሽን ሲዲን፣ በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ዲቪዲን፣ በ2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ ብሉ-ሬይን ይጠቀማሉ። በየጊዜው የዲስኩ መያዣ አቅም ቢያድግም አሠራሩ አልተለወጠም ነበር፦ ዲስኩን ያስገባ ሰው ይጫወታል።

ይህ አሠራር መለወጥ የጀመረው በኮምፒውተር ጨዋታዎች ነው። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ስቲም የተባለውን አገልግሎት ከፈተ። በ2004 የወጣውን ሃፍ-ላይፍ 2 በዲስክ የገዛ ሰው እንኳ ለመጫወት የስቲም አካውንት መክፈት ነበረበት። በ2006 ሶኒና ኒንቴንዶ በኮንሶሎቻቸው ላይ የኢንተርኔት መደብር ከፈቱ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ፣ መሣሪያው በየ24 ሰዓቱ በኢንተርኔት እንዲረጋገጥና ያገለገሉ ዲስኮችን መሸጥና ማዋስ እንዲገደብ አቅዶ ነበር። ከተጫዋቾች ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው በዚያው ዓመት በጁን ወር፣ ኮንሶሉ ለገበያ ሳይቀርብ፣ ዕቅዱን ሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ግን ዲስክ የማያነብቡ ኮንሶሎች ተበራክተዋል። በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ በአሜሪካ ዲስክ የሚያነበው 499 ዶላር፣ የማያነበው 399 ዶላር ተሸጠ። በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ያለ ዲስክ ማንበቢያ የሚሸጥ ሲሆን ማንበቢያው ለብቻው ይገዛል።

በሕግ ያለው ልዩነት

በብዙ አገሮች የቅጂ መብት ሕግ አንድ መጽሐፍ ወይም ዲስክ በሕጋዊ መንገድ አንድ ጊዜ ከተሸጠ በኋላ ሻጩ በዚያ ዕቃ ዝውውር ላይ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ባለቤቱ ዲስኩን መልሶ መሸጥ፣ ማዋስ፣ በስጦታ መስጠት ወይም ማውረስ ይችላል። በዲስኩ ያለውን ጨዋታ አባዝቶ መሸጥ ግን አይፈቀድለትም።

ዲጂታል ቅጂ በዚህ ደንብ አይተዳደርም። ገዢው የሚስማማበት ውል አብዛኛውን ጊዜ «ይህ ፈቃድ እንጂ ሽያጭ አይደለም» የሚል ይዘት አለው። ለምሳሌ የስቲም ውል አካውንትን ለሌላ ሰው ማስተላለፍን ይከለክላል። አካውንቱ ከታገደ ወይም ባለቤቱ መግባት ካልቻለ፣ ለዓመታት የተገዙት ጨዋታዎች ሁሉ አብረው ይሄዳሉ።

ጉዳዩ በፍርድ ቤቶችም ታይቷል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ከኢንተርኔት የወረደ ሶፍትዌር ጊዜ የማይገደብ ፈቃድ ካለው መልሶ መሸጥ እንደሚቻል ወሰነ። ይህን ተከትሎ አንድ የፈረንሳይ የሸማቾች ማኅበር በቫልቭ ላይ በመሠረተው ክስ የፓሪስ ፍርድ ቤት በ2019 ለማኅበሩ ፈረደ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን በ2022 ውሳኔውን ሻረ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጸና ሕግ ደግሞ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ ከሆነ «ይግዙ» ከማለታቸው በፊት ይህንኑ ለገዢው በግልጽ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል።

የዲስክ ጥቅምና ጉዳት

የዲስክ ትልቁ ጥቅም ዋጋው ተመልሶ ሊገኝ መቻሉ ነው። ጨዋታውን የጨረሰ ሰው ሸጦት ወይም በሌላ ለውጦት ለሚቀጥለው መግዣ ያደርገዋል። ያገለገለ ዲስክ ከአዲሱ ስለሚረክስም አቅም ለሌለው ተጫዋች መግቢያ በር ነው። አንድ ዲስክ በጓደኛሞች መካከል በየተራ ሊዞር ይችላል።

በሌላ በኩል ዲስክ ይጫራል፣ ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። የዲስክ ማንበቢያውም ሊበላሽ ይችላል። በድሮ ካርትሪጆች ላይ የተጫዋቹን ውጤት የሚያስቀምጠው ቺፕ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ ከሆነ፣ ባትሪው ሲያልቅ የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብም አለ፦ ከፕሌይስቴሽን 4 እና ከኤክስቦክስ ዋን ወዲህ ጨዋታው ከዲስኩ ወደ ኮንሶሉ ማከማቻ ስለሚገለበጥ፣ ዲስክ መግዛት የማከማቻ ቦታ አይቆጥብም።

የዲጂታል ቅጂ ጥቅምና ጉዳት

ዲጂታል ቅጂ አይጫርም፤ ዲስክ መለዋወጥም አያስፈልገውም። ኮንሶሉ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ገዢው በሌላ ኮንሶል ወደ አካውንቱ ገብቶ ጨዋታውን እንደገና ማውረድ ይችላል። መደብሮቹ በየጊዜው ትልቅ ቅናሽ ያደርጋሉ። የትናንሽ ኩባንያዎች ጨዋታዎች ብዙዎቹ በዲጂታል ብቻ ይወጣሉ። ስቲም በ14 ቀን ውስጥ ለሚጠየቅና ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወቱት ጨዋታ ገንዘብ ይመልሳል።

ጉዳቱ መልሶ መሸጥ አለመቻሉና በኢንተርኔት ላይ መመሥረቱ ነው። 100 ጊጋባይት የሆነ ጨዋታ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሆነ መስመር ለማውረድ 44 ሰዓት ያህል ይወስዳል። በ50 ሜጋቢት መስመር ግን ወደ 4 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ኢንተርኔት በሜጋባይት ተቆጥሮ በሚከፈልበት ቦታ የማውረጃው ወጪ በጨዋታው ዋጋ ላይ ይጨመራል።

የዲጂታል ቅጂዎች ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ከ2008 ጀምሮ የሚሠራው ጂ.ኦ.ጂ. የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታዎች መደብር መቆለፊያ የሌላቸውን የመጫኛ ፋይሎች ይሰጣል። ገዢው ፋይሉን በራሱ ሃርድ ዲስክ ካስቀመጠው መደብሩ ቢዘጋም መጫወቱን ይቀጥላል።

የመደብሮችና የሰርቨሮች መዘጋት

ኒንቴንዶ የዊ መደብሩን በጃንዋሪ 2019፣ የዊ ዩ እና የ3ዲኤስ መደብሮቹን ደግሞ በማርች 2023 ለሽያጭ ዘጋ። ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ 360 መደብርን በጁላይ 2024 ዘጋ። ሶኒ በ2021 የፕሌይስቴሽን 3 መደብርን ሊዘጋ አስታውቆ ከቅሬታ በኋላ ሐሳቡን ቀይሯል። መደብር ሲዘጋ ቀድሞ የተገዛው ወዲያው አይጠፋም፤ በዲጂታል ብቻ የወጡ ጨዋታዎችን በአዲስ መልክ መግዛት ግን አይቻልም። የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች ከመቶ 87ቱ በገበያ ላይ አይገኙም።

ዲስክ ያለው ሰውም ሁልጊዜ ከዚህ አያመልጥም። ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣው ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ውድድር ያለ ኩባንያው ሰርቨር ፈጽሞ አይሠራም ነበር። ሰርቨሩ በማርች 31 ቀን 2024 ሲዘጋ ዲስኩም ዲጂታል ቅጂውም እኩል ከጥቅም ውጭ ሆኑ። በዚሁ ምክንያት በ2024 የተጀመረው «ጨዋታዎችን መግደል ይቁም» የተባለው ዘመቻ፣ ኩባንያዎች አገልግሎት ሲያቋርጡ ጨዋታውን በሚሠራ ሁኔታ እንዲተዉ ይጠይቃል። በአውሮፓ ኅብረት ያቀረበው አቤቱታ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አግኝቷል።

አንዳንድ ዲስኮች ደግሞ ከመጀመሪያውም ጨዋታውን አልያዙም። በ2022 የወጣው የኮል ኦፍ ዲዩቲ፦ ሞደርን ዎርፌር 2 የፕሌይስቴሽን 5 ዲስክ ከ100 ሜጋባይት ያነሰ ፋይል ብቻ ነበረው፤ የቀረው ሁሉ የሚወርድ ነበር። ለኒንቴንዶ ስዊች 2 ከ2025 ጀምሮ ከሚሸጡት ካርዶች አንዳንዶቹም ቁልፍ ብቻ ናቸው። ባለቤቱ ጨዋታውን ማውረድ፣ ከዚያም በተጫወተ ቁጥር ካርዱን ማስገባት አለበት። ካርዱን መልሶ መሸጥ ግን ይችላል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ወጣቶች ጨዋታን የሚያውቁት በጨዋታ ወይም በሰዓት በሚያስከፍሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ሲሆን፣ በዚያ በብዛት የሚመረጡት የእግር ኳስ ጨዋታዎች ናቸው። እነዚህ ጨዋታዎች በሊጎችና በማኅበራት የስም ፈቃድ ላይ ስለሚመሠረቱ በዲጂታል መደብር ዕድሜያቸው አጭር ነው። ኢ.ኤ. ከፊፋ ጋር የነበረው ስምምነት ካበቃ በኋላ በሴፕቴምበር 2023 ፊፋ 23ን እና ከእርሱ የቀደሙትን ከዲጂታል መደብሮች አነሣ። ከዚያ ወዲህ ፊፋ 23ን ለመግዛት የቀረው መንገድ ዲስክ ሆነ።

ሌላው ጉዳይ የአካውንት አገር ነው። ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አገልግሎት በሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ኢትዮጵያ ስላልነበረች፣ ብዙ ተጠቃሚዎች አካውንታቸውን በሌላ አገር ስም መክፈት ነበረባቸው። የዚህ ዓይነቱ አካውንት የኩባንያውን ውል ስለማያሟላ ዋስትናው ደካማ ነው። በሜይ 2024 ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2ን በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ ባዘዘ ጊዜ፣ ጨዋታው አገልግሎቱ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ከስቲም ሽያጭ ተነሥቶ ነበር። ሶኒ ከተቃውሞ በኋላ ትእዛዙን አንሥቷል። የፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ዲስኮች ግን በየትኛውም አገር ቢገዙ በማናቸውም ኮንሶል ላይ ይሠራሉ። ተጨማሪ ይዘት ሲገዛ ብቻ የአካውንቱ አገርና የዲስኩ አገር መመሳሰል አለባቸው።

ለምርጫ የሚረዱ ነጥቦች

ከመግዛት በፊት ኮንሶሉ ዲስክ ማንበቡ፣ ጨዋታው ሙሉ በሙሉ በዲስኩ ላይ መኖሩና ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ይጣራል። ያለ ሰርቨር የማይሠራ ጨዋታ ከሆነ ዲስኩ ከመልሶ ሽያጭ በቀር ብዙ ጥቅም የለውም። አንድ ጊዜ ተጨርሶ ለሚቀመጥ ጨዋታ፣ ለስጦታ ወይም ለረጅም ጊዜ ለመያዝ ሙሉውን የያዘ ዲስክ ይመረጣል። በየቀኑ ለሚከፈት፣ በቅናሽ ለሚገኝ ወይም በዲጂታል ብቻ ለወጣ ጨዋታ ደግሞ ዲጂታል ቅጂ ይስማማል። በዚህ ጊዜ አካውንቱ በገዢው በራሱ ኢሜይል መከፈቱና የይለፍ ቃሉ መጠበቁ ዲስክን ከጭረት ከመጠበቅ እኩል አስፈላጊ ነው።