ውኃ የማያድርበት ዳገት

በሰሜን ሸዋ፣ ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ ፈሶ መንዝንና ግሼን ያለበሰው ይኸው ጥቁር ድንጋይ ነው። ቁልቁለቱ ሲገፋ ድንጋዩ ይነጣል። ነጩ የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ነበር። የጀማና የወንጪት ወንዞች ሸለቆውን ቆርጠው ባያወጡት ኖሮ እንደተቀበረ ይቀር ነበር። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ለሚ ላይ የተመረቀው የሲሚንቶ ፋብሪካም የተተከለው ለዚሁ ድንጋይ ነው።

ይህ የኖራ ድንጋይ ዳገት ዝናብ አላጣም። ክረምት ሲገባ እንደ ጎረቤቶቹ ይዘንብበታል፤ ያጣው ውኃ የሚያድርበትን ነው። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወስድ ቀለል ያለ አሲድ ይሆንና የኖራ ድንጋይን ቀስ እያለ ይበላል። ስንጥቁ ይሰፋል፤ ውኃው ሰርጎ ከታች በምንጭ ይወጣል። ላይ የቀረው ተክል በስስ አፈር ላይ ቆሞ በልግን ይጠብቃል፤ በልጉ ከከዳው ደግሞ እስከ ሰኔ።

ቁልቋልን ገበሬው ለአጥር ይፈልገዋል፣ ወተቱ ዓይን እንዳይገባ ይፈራዋል፤ ከዚያ ያለፈ ክብር የሚሰጠው የለም። ለእኔ ግን የዳገቱ ጌታ እሱ ነው። ሥሩን በስፋት ዘርግቶ የመጀመሪያዋን ዝናብ ይቀልባል፤ ሸንተረር ሸንተረር የሆነው ግንዱ ውኃ ሲጠግብ ይነፋል፣ ሲጠማ ይኮማተራል። ቅጠሎቹን ቶሎ ስለሚጥል ምግቡን የሚሠራው በአረንጓዴው ግንዱ ነው። ትልቁ ብልሃቱ ግን የሌሊት ነው። አብዛኛው ተክል ቀን በፀሐይ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ከፍቶ ሲተነፍስ ውኃው ይተንበታል። ቁልቋል ግን ቀን ይዘጋና ሌሊት ይከፍታል፤ የሳበውን አየር አሲድ አድርጎ ያስቀምጥና ሲነጋ በዝግ ቤት ይሠራበታል። እሬትም እንደዚያው ነው። የሌሊቱን አሲድ ምላስም ያውቀዋል፦ ቤንጃሚን ሄይን የተባለ የዕፀዋት አጥኚ ሕንድ አገር የእንዳሁላን ዘመድ ቅጠል ቀምሶ፣ ጠዋት እንደሚኮመጥጥ፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ጣዕሙ እንደሚጠፋ በ1815 እ.ኤ.አ. ጽፏል። (ቁልቋልን ለመቅመስ እንዳትሞክሩ፤ ወተቱ መርዝ ነው።)

ወይራ እንዲህ ያለ ጓዳ የለውም፤ ቁጠባውን የሚያውቀው በቅጠሉ ነው። አንዱን ቅጠል ቀጥፋችሁ ገልብጡት። ላዩ ጥቁር አረንጓዴና አንጸባራቂ፣ ታቹ ግን ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ወርቅማ ቡኒ ነው። ዱቄት የሚመስለው ቀዳዳዎቹን ከነፋስና ከሐሩር የሚጋርድ ልባስ ነው። ክትክታ ደግሞ ቅጠሉን ሙጫ ይቀባል፤ ስትነኩት ጣት ላይ ይጣበቃል። ግራር ቅጠሉን አሳንሷል፤ ሣሩ ዘሩን ጥሎ ይሞታል።

ሁሉም ግን ስንጥቅ ይሻሉ። ዳገቱ ላይ እርሻ የሚባል ነገር ካለ ስንጥቁ ነው፤ ጠፍጣፋው ድንጋይ የሚያንሸራትተው ዝናብ እዚያ ይገባል፣ ታጥቦ የመጣው አፈር እዚያ ይከማቻል፣ የድንጋዩ ጥላም እርጥበቱን ያቆየዋል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ችግኝ ይዛችሁ ወደዚህ ዳገት ከወጣችሁ፣ ጉድጓድ ለማሳመር ብላችሁ ድንጋዩን አትልቀሙት። ችግኙን ከድንጋዩ ሥር አስጠግታችሁ ትከሉት።