«ሃንድ» እና እጅ

«ሃንድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከአካል ክፍልነቱ ሌላ ስንት ትርጉም እንዳለው ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስንቆጥር ኖረናል፤ የሰዓቱ ዘንግ፣ የካርታ ተጫዋች ድርሻ፣ የጽሕፈት ዓይነት፣ ጭብጨባም ጭምር። የኛም «እጅ» ቢሆን አያንስም። እጅ ነሣ አክብሮት ነው፤ እጅ ሰጠ ሽንፈት ነው፤ እጅ መንሻ ለሹም የሚቀርብ ስጦታ ነው (ጉቦ ያልሁት እኔ አይደለሁም)።

ልብ የሚባለው ግን ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩበት ነው። እንግሊዞች የእርሻ ሠራተኛውን ራሱን «ሃንድ» ይሉታል፤ በአማርኛ ግን እጅ የድርሻ መለኪያ ነው፤ «ከሦስት እጅ አንዱ» እንላለን። በአሰላ ገበያ የሚሰማው ኦሮምኛም «ሐርካ» ሲል እንዲሁ ይቆጥራል፤ ድሀውንም «ሐርካ ቀሌሳ»፣ ማለት እጀ ቀጭን ይለዋል። ለጭላሎ ጭሰኛ ይህ የሰዋስው ጉዳይ አልነበረም። ገብሱና ስንዴው ሲወቃ፣ ውሉ ሲሶ ከሆነ ከሦስት እጅ አንዱ፣ እኩል ከሆነ ግማሹ ወደ ባለመሬቱ ጎተራ ይገባ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን እርዳታ የሚሠራው ካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስፋፋ ምርቱ ጨመረ፤ ባለመሬቶችም በትራክተር ማረስ ጀመሩ፤ ትራክተር ደግሞ እጅ አይካፈልምና ብዙ ጭሰኛ ከነቤተ ሰቡ ተነቀለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። ዛሬም በአርሲ ገበሬ ከገበሬ መሬት ተቀብሎ የእኩል ሲያርስ፣ ምርቱ የሚቆጠረው በእጅ ነው።