የወንድም ጋሼ ጆሮ

ወንድም ጋሼ ኮፍያውን የሚያወልቀው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለምና ሲተኛ ብቻ ነበር። ሎተሪ አዟሪ ስለነበር ያችን ሰማያዊ ኮፍያ ደብረ ብርሃን ውስጥ የማያውቃት አልነበረም። ቲኬቱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ቁጥር ሲያነብ ልጆች «ፈረንጁ!» እያሉ ይከተሉታል። ፈረንጅ አልነበረም፤ ከእኔ ጋር ከአንድ አባትና እናት የተወለደ፣ አልቢኒዝም ያለበት የአገር ልጅ ነበር። ካንሰሩ የወጣበት ኮፍያው በማይደርስበት ቦታ፣ በግራ ጆሮው ጫፍ ላይ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ሕክምናው የማውቀው ወንድሜን ሳስታምም ከሐኪሞች የሰማሁትን፣ ኋላም ለታናሽ እህቴ ስል እየጠየቅሁ የተረዳሁትን ነው። ከአምስት ልጆች ሁለቱ፣ ታላቃችንና ታናሻችን፣ እንዲህ ሆነው ተወለዱ። አንዱ ጎረቤት «እርግማን ነው» ሲል፣ ሌላው «በእርግዝናዋ ምን አይታ ደንግጣ ይሆን» ሲል እማዬ ስንት ዓመት ራሷን እንደወቀሰች አውቃለሁ። ነገሩ ግን የዘር ነው። አባትም እናትም በራሳቸው ላይ ሳይታይ ይሸከሙታል፤ ልጁ ከሁለቱም ከወረሰው ሰውነቱ ሜላኒን የሚባለውን የቆዳ፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም በበቂ መሥራት ያቅተዋል። እንዲህ ባሉ ወላጆች በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እማዬ ያጠፋችው አንዳች ነገር የለም።

ሜላኒን የቆዳ ጃንጥላ ነው። የፀሐይ ጨረር ዘልቆ ገብቶ ሕዋሳቱን እንዳያበላሽ ይከላከላል። ጃንጥላው የሌለው ሰው ጉዳቱ ከዓመት ዓመት ይጠራቀምበትና ወደ ካንሰር ይሄዳል። ዓይንም ያለ ሜላኒን አጥርቶ አያይም። ወንድም ጋሼ ሰሌዳው አልታይ ብሎት ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት አቆመ። ፊት ወንበር ላይ ያስቀመጠው አልነበረም። ትምህርት ያቋረጠ የድሃ ልጅ የት ይውላል? ከብት ጠበቀ፣ ድንጋይ ተሸከመ፣ በመጨረሻም ሎተሪ አዞረ፤ ሁሉም ፀሐይ ላይ ነው። ካንሰሩ የጀመረው ከዚያ ሰሌዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

የደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ እንጂ ስለ ፀሐይ ሲያማርር አይሰማም። ያዘናጋንም ይኸው ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ጨረር አይታይም፣ ሙቀቱም አይሰማም፣ ስስ ደመናም አያስቆመውም። ጋቢ ተከናንበን እየተንቀጠቀጥን ፊታችን ይቃጠላል። እማዬ ወንድም ጋሼን በሕፃንነቱ እንደ ማንኛዋም እናት ቅቤ ቀብታ ደጅ ላይ ፀሐይ ታሞቀው ነበር። የእኛን አጥንት ያጠነከረችው ፀሐይ የእሱን ቆዳ ትልጠው ነበር።

2009 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ጆሮው ላይ ትንሽ ቅርፊት ወጣች። ሲያነሣት ትደማለች፤ ተመልሳ ትጋገራለች። አንድ ክሊኒክ ቅባት ሰጠውና ስድስት ወር ቀባ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን የተቀበልነው አጎቴና እኔ ነን። አጎቴ ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና «እሱ እንዳይሰማ፤ እናትሽም እንዳትሰማ» አሉኝ። «ቁስሉ አመርቅዟል» አልነው። ነቀርሳ የሚለው ቃል ቤታችን ሳይገባ ወራት አለፉ።

አጎቴ ክፉ ሰው አይደሉም። እንዲህ የሚያደርግ ቤት ብዙ ነው፤ ሕመምተኛው ተስፋ እንዳይቆርጥ ተብሎ ነው። ወንድም ጋሼ ጆሮው በቀዶ ሕክምና ተነሣ፤ አንገቱ ላይ እጢ ስለተገኘ የጨረር ሕክምና ታዘዘለት። በዚያን ጊዜ በአገራችን ይህን ሕክምና የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው እዚያ ይገናኛል። አንድ ቀን ሻይ ገዝቼ ስመለስ፣ ከወለጋ የመጡ አንዲት እናት አግዳሚው ላይ ወደ እሱ ጠጋ ብለው «የኔ ልጅ፣ ያንተስ ካንሰር ጆሮህ ላይ ነው?» ሲሉት ደረስኩ። ብርጭቆው እጄን እያቃጠለኝ ቆሜ ቀረሁ። ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ።

ማታ ባረፍንበት ዘመድ ቤት «ካወቃችሁ ስንት ጊዜያችሁ ነው?» አለኝ።

«ሰባት ወር።»

«ትንሿስ?» አለ። እህታችን ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። «ሰባት ወር ሙሉ ባዶ ራሷን ትምህርት ቤት ስትመላለስ ማን ነገራት?»

መልስ አልነበረኝም። እሱን ከአንድ ቃል ስንከልል እሷን ከፀሐይ ሳንከልላት ቀርተናል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእማዬ የነገራት እሱ ራሱ ነው። አለቀሰች፤ በማግስቱ ግን ቤቱ ቀለል አለ። የሚያስታምመው ሰው ተራ በደብተር ተጻፈ፤ እማዬ እሱ ካልበላ አልበላም ማለቷን ተወች። ጸበልም ሄዷል፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ። ከሁሉ የከበደን የቁስሉ ሽታ ነበር፤ ሰው እንዳይመጣብን በር መዝጋት ጀምረን ነበር። አንዲት ነርስ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ሜትሮኒዳዞል የሚባል ክኒን ፈጭተን ቁስሉ ላይ መነስነስ አስተማረችን። በጥቂት ቀን ውስጥ ሽታው ቀነሰ፤ ጎረቤት ተመልሶ ቡና ተጠጣ።

የትንሿን ባርኔጣ ያሰፋኝ እሱ ነው። አልጋው ላይ ሆኖ «አስፊው፣ ገና ነው» ይለኝ ነበር። ኮፍያ ግንባርን እንጂ ጆሮንና ማጅራትን አያስጥልም፤ ባርኔጣው ዙሪያውን ቢያንስ አራት ጣት የሚሰፋ ጠርዝ ይፈልጋል። ጨርቅ ስመርጥ ወደ አምፖል አንሥቼ አያለሁ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ ጨረርም ያሳልፋል። ነጠላ ለዚህ አይሆንም። ሳሳ ያለ ነጭ ካናቴራ፣ በተለይ ሲረጥብ፣ ብዙ አይከላከልም። ጥቅጥቅ ያለ ካኪና ጂንስ ግን አስተማማኝ ነው። ለዩኒፎርሟ እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስ፣ ኮሌታው የሚቆም ሸሚዝ ሰፋሁላት። ጃንጥላ ደግሞ እናቶቻችንና ቀሳውስታችን ሁሌም የሚይዙት ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጨረሩ የሚበረታው ከጠዋቱ አራት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ልብስ ለማይሸፍነው ቦታ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ያስፈልጋል፤ ሁለት ጣት ሙሉ ለፊት፣ ለጆሮና ለአንገት፣ በየሁለት ሰዓቱ ደግሞ እንደገና። እየቆጠቡ ስስ አድርጎ መቀባት ጥቅሙን ይቀንሰዋል። ግን እኛ ጋ ዋጋው አይቀመስም። ታንዛኒያ ሞሺ ከተማ ያለው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ማዕከል አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖች ብሎ «ኪሊሰን» የተባለ ክሬም ሲያዘጋጅ ቆይቷል። እነሱ ከቻሉ የእኛ መድኃኒት ፋብሪካዎችም ይችላሉ፤ እንደ ትንሿ ላሉ ልጆች ክሬም መድኃኒት እንጂ መዋቢያ አይደለም።

ጥቁር ቆዳ ያለንም ብንሆን ሜላኖማ የሚባል ሌላ የቆዳ ካንሰር ሊይዘን ይችላል። እኛ ላይ የሚወጣው በአብዛኛው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር በተነሣ ሜላኖማ ነው።

ወንድም ጋሼ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አረፈ። 35 ዓመቱ ነበር።

ትንሿ ዛሬ ኮሌጅ ገብታለች፤ ፊት ወንበር ትቀመጣለች። በየስድስት ወሩ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል ቆዳዋን ታስመረምራለች። አምና እጇ ላይ የወጣች ሻካራ ነጥብ በፈሳሽ ናይትሮጅን ተነሣችላትና በዚያው ቀን በአውቶቡስ ቤቷ ገባች። በወቅቱ የተገኘ እንዲህ ይቀላል።

እንደ እሷ ያለ ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ሰውነቷን ስታጥቡ ጆሮዋን፣ ማጅራቷን፣ የታችኛውን ከንፈሯንና የእጇን ጀርባ በደንብ እዩላት። አንድ ወር ሞልቶት ያልዳነ ቁስል ወይም እየደማ የሚጋገር ቅርፊት ካገኛችሁ ቅባት እየቀያየራችሁ አትቆዩ፤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ሐኪሙ የሚላችሁንም ለእሷው ንገሯት።