የደም ወላጅ ሕዋሳትን ከሰውነት ውጭ ስለ ማሳደግ

ለብዙ የደም ካንሰር ሕሙማን ከሌላ ሰው የሚገኝ የአጥንት መቅኒ የመዳን ተስፋ ነው፤ ደምን የሚያፈልቁት ግንድ ሕዋሳት የሚኖሩት በዚያ ነውና። ሆኖም በአሜሪካ የለጋሾች መዝገብ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሕሙማን በሚገባ የሚስማማቸውን ለጋሽ የማግኘት ዕድላቸው ከነጮች እጅግ ያነሰ ነው። ጉዳዩ በዚያ የሚኖረውን ወገናችንንም ይመለከታል። ይህን ያህል ጥብቅ መመሳሰል የማይጠይቀው የእትብት ደም አማራጭ ቢሆንም፣ ግንድ ሕዋሳቱ ለአዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ ያንሳሉ። ታዲያ በላቦራቶሪ ማራባት አይቻልምን?

ማብቀሉ ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። ከግንድ ሕዋስ የሚመነጩት የደም ወላጅ ሕዋሳት ሜቲልሴሉሎስ በሚባል ዝልግልግ ማሳደጊያ ውስጥ ይዘራሉ፤ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 5 በመቶ፣ አየሩም እርጥበት የሞላበት ይሆናል። ለቀይ ሕዋስ ኤሪትሮፖይቲን፣ ለሌሎቹም የየራሳቸው የዕድገት ቀስቃሽ ይጨመራል። በ14 ቀን ገደማ ከየአንዳንዱ ሕዋስ የበቀለው ዘለላ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል።

ችግሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ቀስቃሾቹ ሕዋሱን እያበዙ ያጎለምሱታል፤ የጎለመሰ ሕዋስም ራሱን የመተካት ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲበዛ ዘሩ ሊያልቅ ይችላል። ዴክስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 የአይጥ መቅኒን ከደጋፊ ሕዋሳቱ ጋር በ33 ዲግሪ አሳድገው ለወራት ማቆየታቸው፣ ሕዋሱ ከምግብ ሌላ ጎረቤትም እንደሚሻ አስተማረን።

እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኒኮቲናማይድ በተባለው የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት ጉልምስናው ተገትቶ የተራባ የእትብት ደም ለሕክምና እንዲውል ፈቀደ። እንግዲህ በእኛ አስተያየት የዚህ ሙያ መለኪያ ስንት ሕዋስ በቀለ ሳይሆን፣ ስንቱ ግንድ ሆኖ ቀረ የሚለው ነው።