ሂሳባችንን ከባንክ ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበር ስናዛውር

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደመወዛቸው የሚገባበትንና የቤት ኪራይ የሚከፍሉበትን ሂሳብ ከባንክ አንሥተው ክሬዲት ዩኒየን ወደሚባለው የቁጠባና ብድር ማኅበር ስለ ማዛወር ይጠይቁናል። አሳቡ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በቅደም ተከተል ካልተሠራ የኪራይ ቀን ሲደርስ ገንዘቡ በሌላ ስፍራ ሆኖ ቤተሰብ ይቸገራል። ስለዚህ ልዩነቱንና የማዛወሩን መንገድ በአጭሩ እንገልጻለን።

ባንክ የባለአክሲዮኖች ነው፤ ትርፉም የእነርሱ ነው። ክሬዲት ዩኒየን ግን የአስቀማጮቹ የራሳቸው ነው። ብዙ ያስቀመጠውም ጥቂት ያስቀመጠውም የሥራ አመራር ኮሚቴ ሲመረጥ እኩል አንድ ድምፅ አለው። ከወጪ የተረፈው ገንዘብ ለመጠባበቂያ ከተቀነሰ በኋላ ለአባላቱ በቁጠባ ወለድ ወይም በብድር ቅናሽ ይመለሳል። እቁብና እድር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። የሚለየው በሕግ መቋቋሙ፣ በመንግሥት መመርመሩና ብድሩ በዕጣ ሳይሆን በማመልከቻ መሰጠቱ ነው።

በአሜሪካ የመጀመሪያው ክሬዲት ዩኒየን በ1908 እ.ኤ.አ. በኒው ሃምፕሻየር፣ በማንቸስተር ከተማ ተመሠረተ። መሥራቾቹ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ከካናዳ የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። አገር አቀፉ ሕግ የወጣው በ1934 እ.ኤ.አ. ነው።

አባል ከመሆናችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ። መጀመሪያ፣ አባል ለመሆን ይፈቀድልናልን? አባልነት በመሥሪያ ቤት፣ በመኖሪያ አካባቢ ወይም በማኅበር ይወሰናል። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የመንግሥት ዋስትና አለውን? ኤን ሲ ዩ ኤ የተባለው መሥሪያ ቤት ዋስትና በሰጠው ማኅበር ውስጥ የአንድ ሰው የግል ቁጠባ እስከ 250,000 ዶላር የተጠበቀ ነው። ጥቂት ማኅበራት ግን የግል ዋስትና ብቻ ስላላቸው ማጣራት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ወደ አገር ቤት ገንዘብ ይልካልን? ይህን አገልግሎት የማይሰጡ አሉ።

ከዚህ በኋላ የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

1. የመታወቂያ ወረቀት ይዞ፣ ትንሽ የአባልነት ገንዘብ አስቀምጦ አዲሱን ሂሳብ መክፈት።

2. በአሮጌው ሂሳብ ላይ የአንድ ዓመት መግለጫ እያዩ በራሳቸው የሚቆረጡትን ክፍያዎች ሁሉ መጻፍ። ኢንሹራንስን የመሰለ በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል ነገር የሚረሳው እዚህ ላይ ነው።

3. ለአሠሪው አዲሱን የሂሳብ ቁጥርና ራውቲንግ ነምበር የተባለውን ባለ 9 አኃዝ ቁጥር መስጠት። ደመወዙ በአዲሱ ሂሳብ መግባቱን በዓይን ሳያዩ ወደሚቀጥለው አለመሄድ።

4. ኪራይ፣ መብራትና ስልክ የመሳሰሉትን ክፍያዎች አንድ በአንድ ማዛወር።

5. ያልተመነዘረ ቼክና የቀረ ክፍያ እስኪያልቅ በአሮጌው ሂሳብ በቂ ገንዘብ መተው።

6. በመጨረሻ አሮጌውን ሂሳብ በጽሑፍ ማዘጋትና መዘጋቱን የሚያስረዳ ወረቀት መቀበል። ገንዘቡ ስላለቀ ብቻ ሂሳብ አይዘጋም፤ ወርኃዊ ክፍያ እየተቆረጠበት ዕዳ ሊሆን ይችላል።

ክሬዲት ዩኒየን ምጽዋት ሰጪ አለመሆኑንም እንወቅ። ከሂሳብ በላይ ላወጣ ሰው መቀጫ ያስከፍላል፤ የብድሩን ክፍያ ላቋረጠም ከቁጠባው ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የክፍያውን ዝርዝር ከመፈረማችን በፊት እናንብብ።

የቤተ ክርስቲያን ሂሳብ ሲዛወር ደግሞ የሽማግሌዎች ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ሂሳቡም በድርጅቱ ስም እንጂ በሒሳብ ሹሙ ስም አይከፈት፤ ፈራሚዎቹም ከአንድ በላይ ይሁኑ።

ለፕሮጀክት ሠራተኞቻችን አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከላይ የጠቀስነው ዋስትና በአሜሪካ ላሉ ማኅበራት ብቻ ነው። በአገር ቤት በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያስቀምጥ ገበሬ ወይም ነጋዴ ይህ ጥበቃ እንዳለው አድርገን እንዳናስተምር። ለእርሱ ጥበቃው የማኅበሩ መዝገብ በየዓመቱ በኦዲተር መመርመሩ፣ እርሱም በጉባኤው ተገኝቶ ሪፖርቱን መጠየቁ ነው። በየትም አገር ቢሆን ባለቤት የሆነ ሰው ስለ ገንዘቡ መጠየቅ መብቱ ነው፤ የማይጠይቅ አባል ግን ከባንክ ደንበኛ ብዙም አይለይም።