ምላሱ የሚታሰረው መሐንዲስ

አንባቢ ሆይ፤ በስብሰባ ላይ ሐሳቡን በልቡ ዐሥር ጊዜ አሰናድቶ፥ ተራው ሲደርስ ምላሱ የሚታሰር ወጣት በየመሥሪያ ቤቱ አይታጣም፤ እዚህ መቀሌ አንዱ እኔ ነኝ። «ስታር ትሬክ» በተባለው የጠፈር ጉዞ የቴሌቪዥን ድራማ እ.ኤ.አ. በ1990 ብቅ ያለው መሐንዲስ ባርክሌይም ወገናችን ነው፤ ያረፍዳል፥ ይንተባተባል። ባልደረቦቹ በአትክልት ስም «ብሮኮሊ» እያሉ ያሙታል፤ ካፒቴን ፒካርድም አንድ ቀን አፉን ስቶት ፊት ለፊት በዚያው ስም ጠራው! (እኔ ብሆን ሥራውን በለቀቅሁ።) በ1999 በታየው ክፍል ግን ርቃ ከጠፋችው «ቮያጀር» መርከብ ጋር ምድርን በድምፅ ያገናኘው፥ አለቃው ቢከለክለውም እምቢ ያለው ይኸው ሰው ነው። ፒካርድን እናደንቀዋለን፤ ለባርክሌይ ግን እንፈራለታለን።

በአገራችን ደግሞ፥ ከመቀሌ ቁልቁል በሚወረድበት በዳሎል ጭምር ተቀርጾ በ2015 የወጣው «ክረምብስ» ፊልም፥ ዳንኤል ታደሰ የተጫወተውን ውድቅዳቂ ለቃሚ ከዳር አንሥቶ ዋናው ሰው አደረገው፤ ሰማይ ላይ ለዘመናት ተንጠልጥላ የኖረችው መንኰራኵር ስትነቃ ለመንገድ የሚነሣው እርሱ ነው።