ድፍረታቸውን ወድደን፣ ጥያቄያቸውን ትተን

በየዓመቱ የካቲት 23 ሲደርስ የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም ከባለቤታቸው ስም እኩል ይነሣል። ምስላቸው ካኔተራ ላይ ይታተማል፤ በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገው የኢጣሊያ ጦር የሚጠጣበትን ምንጭ እንዲያዝ መምከራቸው ይተረካል። በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የተነሣ ከኢጣሊያው መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር የተነጋገሩትም አይዘነጋም። መልእክተኛው የአገሩን ክብር ምክንያት አድርጎ ውሉ አይለወጥም ሲል፣ እኛም የምንጠብቀው ክብር አለን ብለው መለሱለት። ጦርነት ባይወዱም እንዲህ ያለውን ውል ከመቀበል ጦርነቱን እንደሚመርጡ መናገራቸውን የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቃል። መጋቢት 1902 ዓ.ም. ግን በየትኛውም መድረክ ሲታሰብ አይሰማም። በዚያ ወር የሸዋ መኳንንት መክረው እኒሁ እቴጌ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲሰበስቡና የታመሙ ባለቤታቸውን ከማስታመም በቀር በሌላ ጉዳይ እንዳይገቡ ወሰኑባቸው። አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ወደ እንጦጦ ወጡ፤ እዚያው እንዳሉም በየካቲት 1910 ዓ.ም. አረፉ።

ሁለቱን ጣይቱዎች ጎን ለጎን ማቆም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንደበታቸው በ1883ም በ1902ም ያው ነበር። የተለወጠው ንግግራቸው ያነጣጠረበት ወገን ነው። ለሮማ መልእክተኛ ሲናገሩ የአገር ኩራት የሆነው ድፍረት፣ ስለ ሹመትና ስለ አልጋ ወራሽነት ሲናገሩ የሴት ጣልቃ ገብነት ተባለ። እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፦ እቴጌይቱ የሥጋ ዘመዶቻቸውን ይሾሙ ነበር፤ የራሳቸውን ወገን አደራጅተው የልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽነት ሊያሰናክሉ ይችሉ ነበር፤ መኳንንቱ የሠሩት ፖለቲካ እንጂ ሴት ጠልነት አልነበረም። በከፊል ልክ ነው። ንግሥቲቱን ያለ ነቀፋ ማሳየት ለታሪክም ለሴቶችም አይበጅም። ነገር ግን በዚያ ቤተ መንግሥት ዘመዱን የማይሾም፣ ወገን የማያበጅ ትልቅ ሰው ማን ነበር? ወንዶቹ ሲያደርጉት ብልኃት የተባለው በእርሳቸው ላይ ክስ ሲሆን፣ ከክሱ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ ሴትነታቸው ነበር። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሴት እንዳታውቅ አይከለክልም፣ ያወቀችውን ግን ራሷ እንዳትፈጽመው ያደርጋታል።

ዛሬ ደፋር ተናጋሪ የሆኑ ዝነኛ ሴቶችን ለልጃገረዶች አርአያ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ሆኗል። ማርች 8 በመጣ ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱ ፎቷቸው ይሰቀላል፤ «የሴት ጀግና» ሲባሉ ይውላሉ፤ አንዳንዱ አድናቂ ምስጋናው ሲጠናበት «እሷኮ ወንድ ናት» ይላል። አድናቆቱን አልቃወምም፤ የሚገባቸው ናቸው። የምቃወመው ደፋሯን ሴት ስናደንቅ የምናደንቀው ድፍረቷን ብቻ መሆኑን ነው። ደፍራ የጠየቀችው ነገር ምን ነበር? መልስ አገኘ ወይ? ጥያቄው ወደ እኛ ሲዞርስ ከጎኗ ቆምን? እነዚህ ካልተነሡ አድናቆቱ እሷን ከሌሎች ሴቶች ለይቶ የሚያርቅ መንገድ ይሆናል። «ወንድ ናት» የተባለች ሴት ከሴቶች መካከል ወጥታለች ማለት ነውና፣ ሌላዋ ሴት እንደ እሷ እንድትናገር የሚያደርግ ነገር አልተፈጠረም።

ሴት ደፍራ መናገሯ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው፣ የኛ ወግ ጭምትነት ነው የሚሉ አሉ። እነዚህን ከወለተ ጴጥሮስ ገድል በላይ የሚመልስላቸው የለም። ይህች የ17ኛው ክፍለ ዘመን ባላባት ሴት የአፄ ሱስንዮስ ሹም ሚስት ነበረች። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ሲቀበል ባሏን ትታ መነኰሰች፤ ካህናቱም በቅዳሴ የንጉሡን ስም እንዳይጠሩ አስተማረች። ተይዛ ለፍርድ ቀረበች፤ የኢየሱሳውያኑ መሪ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሊያሳምናት ሞከረ፤ አልሆነም። ለ3 ዓመት ዣበይ ወደሚባል ምድር ተጋዘች። ገድሏን አባ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ካረፈች ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ጻፈው፤ ይህም መጽሐፍ አንዲት ኢትዮጵያዊት ንጉሥን ፊት ለፊት እንደተቃወመች የሚመሰክር የአገር ቤት ጽሑፍ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ግን ሌላ ቦታ ነው። ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ከመለሰ፣ ጠላትም ከሄደ በኋላ፣ ከራሷ ወገን የሆኑ ሊቃውንት ሴት አስተማሪና አለቃ ትሆን ዘንድ የት ተጽፏል ብለው ተነሡባት። እንደገና ያው መልክ ነው፦ ወደ ባዕድ ሲሆን ቅድስና፣ ወደ ውስጥ ሲሆን ሥርዓት ማፍረስ። የተሟገተላት አባ ፈትለ ሥላሴ የሚባል ሊቅ ነበር። እኛ ስንበላሽ አለቅነቱን እግዚአብሔር ለእሷ ሰጣት የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጣቸው። ይህ ሰው አድናቂ ብቻ አልነበረም፤ ጥያቄው ወደ ገዛ ጉባኤው በመጣ ጊዜ አቋሙን ለይቶ ተናገረ። ወለተ ጴጥሮስም በጣና ዳር ማኅበሮች አቋቁማ፣ እኅተ ክርስቶስን ተክታ ነው ያለፈችው። ድፍረቷ ከእሷ ጋር ያልተቀበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ከሁሉ የጠራው ማስረጃ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ታሪክ ነው። ማኅበሩ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በወ/ሮ መዓዛ አሸናፊና በባልደረቦቻቸው ተመሠረተ። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርግ፣ ሚስት እንድትታዘዘውም ያዝ ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ከፍቶ ነበር። በዚሁ ጊዜ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ከተደፈረች በኋላ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በገዛ መሣሪያው ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ማኅበሩ ጠበቃ አቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት። ሥራው ግን በአንድ መዝገብ አላበቃም። ማኅበሩ ጉዳዩን ይዞ ሕጉን ራሱን ሞገተ፤ በየክልሉ ነፃ የሕግ ድጋፍ ሰጠ፣ ሰልፍ ወጣ፣ ረቂቅ አቀረበ። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በትዳር ውስጥ እኩል አደረገ፤ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አለ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊው በጋብቻ እንዳያመልጥ አድርጎ ቅጣቱን ከ3 እስከ 10 ዓመት አደረሰው። አንዲት ልጅ ያነሣችው ጉዳይ ሚሊዮኖችን ወደሚመለከት ሕግ የደረሰው በአድናቆት አይደለም፤ በየመዝገብ ቤቱ በተመላለሱ፣ ስማቸው በማይታወቅ ሴቶች ድካም ነው።

ያን ሁሉ ስናደንቅ የሚዘለለው ምዕራፍ በ1993 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ የተከፈተው ነው። ማኅበሩ አንዲት በተደጋጋሚ ጥቃት የደረሰባትን ሴት የፍትሕ አካላት አልተከላከሉላትም ብሎ በይፋ ተቸ። የፍትሕ ሚኒስቴር ከተቋቋመበት ዓላማ ወጥቷል ብሎ ሥራውን አገደው፤ የባንክ ሒሳቡም ታሰረ። እገዳው ከሳምንታት በኋላ ቢነሣም ትምህርቱ ግልጽ ነበር። ባልና ጠላፊ ሲወቀሱ ይታገሥ የነበረው ሥልጣን፣ ወቀሳው ወደ ራሱ ሲመጣ አልታገሠም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ ከ10 በመቶ በላይ ገቢውን ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በፆታ እኩልነት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ፤ የማኅበሩም ጉልበት ተሰበረ። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሻረ፤ በዚያው ዓመት ወ/ሮ መዓዛ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ሹመቱ በትክክል ተደነቀ። ማኅበሩ በተዳከመባቸው ዓመታት ጠበቃ አጥተው ከፍርድ ቤት ደጅ የተመለሱ ሴቶች ስንት እንደሆኑ ግን አድናቂው ሁሉ አልጠየቀም።

የልጅቱ ታሪክ «ድፍረት» በሚል ርዕስ ፊልም ሆነ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ የሆሊውዷ አንጀሊና ጆሊ ስም በአዘጋጅነት ታከለበት። አዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ሲል ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋረጠ። ትእዛዙን የጠየቀችው ባለ ታሪኳ ራሷ ነበረች፤ ያለ ፈቃዴ ሕይወቴን ተጠቀሙበት አለች። በኋላ ጉዳዩ በስምምነት አልቆ ፊልሙ ታየ። ከፊልሙ የማይገኝ ትምህርት በዚህ አለ። በ14 ዓመቷ ስለ ሰውነቷ እምቢ ያለችው ሴት፣ ካደገች በኋላ ስለ ታሪኳም እምቢ አለች፤ ሁለተኛው እምቢታ ግን የወረደው ጠላፊ ላይ ሳይሆን አድናቂዎቿ ላይ ነበር። ብዙዎች ያን ጊዜ የተቆጡት ለፊልሙ ነው። እኔ ግን አርአያነቷ ከመጀመሪያው ይልቅ በሁለተኛው እምቢታዋ ይጎላል ብዬ አምናለሁ፤ የሚወዱኝን ሰዎች ቅር አሰኛለሁ ሳትል መብቷን ጠይቃለችና።

የወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ጉዳይ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። እርሳቸው ስለ ሴቶች መብት በመናገር አይደለም የታወቁት። ዳኛ ሳሉ በ1994 ዓ.ም. የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ የለቀቁ፣ በኋላም የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ የሆኑ ናቸው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ፤ በስዊድን ስለ ይቅርታው አሰጣጥ የተናገሩትን እንዲያስተባብሉ ሲጠየቁ እምቢ ብለው «ቃሌ» የሚል ጽሑፍ አወጡ። ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ቅጣቱ ተመልሶባቸው እስከ መስከረም 2003 ዓ.ም. ታሰሩ። ታዲያ ፌሚኒስት ያልተባለች ሴት ለፌሚኒስት ምን አርአያ ትሆናለች ይባላል። እንደ እኔ ከሆነ ጥያቄው ራሱ ጠባብ ነው። ሴት ስለ ሴት ጉዳይ ብቻ እንድትናገር መጠበቅ፣ ሕግና ሥልጣን የወንድ ጉዳይ ነው ማለት ነው። ደጋፊዎቻቸው ፎቷቸውን ይዘው በየአገሩ ሰልፍ ወጡ፤ ጋዜጦች ስለ ሕፃን ልጃቸውና ስለ እናታቸው ጻፉ። መንግሥት የሰጠውን ይቅርታ በአንድ ንግግር ሰበብ ሊነጥቅ ይችላል ወይ የሚለው የሕግ ጥያቄያቸው ግን ከሰልፉ ጋር ደበዘዘ። ከስደት ተመልሰው በ2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሲሆኑ ደግሞ፣ ትናንት ያደነቁዋቸው ብዙዎች ውሳኔያቸው ወገናቸውን በነካ ቁጥር ወቃሽ ሆኑ። ወቀሳ ለማንም ባለሥልጣን ይገባል፤ ግን የተወደዱት ለእኛ ሲናገሩ ብቻ እንደነበር አሳየ።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ከሴቶች ከራሳቸው የሚመጣው ነው። ጣይቱ የመሳፍንት ዘር ናቸው፣ ወለተ ጴጥሮስም ባላባት፤ ሕግ ባለሙያዋና ዳኛዋ ዩኒቨርሲቲ የበጠሱ ናቸው። እንጀራ ጋግራ የምታድር፣ ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ ሴት እንደ እነርሱ ብትናገር ማን ይደርስላታል? ይህ እውነት ነው፤ ዝነኛ ሴት የምትደፍረው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላዋ ዘር፣ ትምህርት ወይም ሹመት ስላለ ነው። ስለዚህም ነው አድናቆት ብቻውን የማይበቃው። ሩጫውን ተመልከቱት። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታመጣ ሺህ ልጃገረዶች አደነቋት፤ እነ ጥሩነሽ ዲባባ የመጡት ግን በቆጂ ላይ እንደ ስንታየሁ እሸቱ ያለ አሰልጣኝ፣ አዲስ አበባ ላይ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ስለነበረ ነው። ለሚናገሩ ሴቶች የዚያ ዓይነት ክለብ የቱ ነው? ነፃ ጠበቃ፣ ያልታገደ ማኅበር፣ የአሠሪዋን በደል ስትናገር ፓስፖርቷን የሚያስመልስላት ቆንስላ ነው። ይህ ሲኖር የጣይቱ ቁጣ ለቤት ሠራተኛዋም ይደርሳታል።

እነዚያ ሴቶች ከጀመሩት ሥራ ገና ያልተነካ አለ። ጠላፊን በጋብቻ ከማምለጥ የከለከለው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው ከጋብቻ ውጭ ለሆነው ብቻ ነው። ሕጉ ሲረቀቅ የሴቶች መብት ተሟጋቾች በትዳር ውስጥ የሚፈጸመውም ወንጀል እንዲባል ወትውተው ነበር፤ አልተሰማም። ዛሬም ይህን የሚያነሡ ሴት የሕግ ባለሙያዎች አሉ፤ ቤት አፍራሽ ይባላሉ። ፎቷቸው የትም አልተሰቀለም፤ የተናገሩት ስለ ባዕድ ወራሪ ሳይሆን ስለ እኛው መኝታ ቤት ነው።